ቺንክዌ ቴሬና የሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ከዚያ በተመለስኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቺንክዌ ቴሬ የአንድ ከተማ ስም ነው?

አይደለም። በጣሊያንኛ «አምስት መሬቶች» ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ሊጉሪያ በሚባለው ክልል፣ ተራራው ቀጥ ብሎ ሜዲትራኒያን ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ። እዚያ ገደል ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ አምስት ትንንሽ መንደሮች ናቸው። ከሰሜን ስትመጡ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ፣ በመጨረሻ ሪዮማጆሬ። ባቡሩ በ1874 እስኪመጣ ድረስ በጀልባ ወይም በበቅሎ መንገድ ካልሆነ አይገባም ነበር። እንዳሉ የቆዩትም ለዚህ ነው።

ዩኔስኮ በ1997 መዘገባቸው፤ በ1999 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። ብሔራዊ ፓርክ ሲባል አንበሳና ዝንጀሮ እንዳትጠብቁ። እዚህ ጥበቃ የሚደረግለት የገበሬ እጅ ሥራ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዛችሁ አዎ፣ የሼንገን ቪዛ። የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የአገልግሎት ማዕከሉ የሚያስከፍለው ለብቻው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ ይዞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰውም ቪዛው ያስፈልገዋል። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥ እንጂ።

እንዴት ነው የሚደረሰው? መኪና ልከራይ?

መኪናውን ተዉት። መንደሮቹ ውስጥ መኪና አይገባም፣ ከላይ ያለው ማቆሚያ ትንሽና ውድ ነው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ሚላንም ይበራል። ከሚላን በባቡር ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ከሮም ትንሽ ይበልጣል። የምትደርሱት ላ ስፔዚያ የሚባል የወደብ ከተማ ነው። ከዚያ ላ ስፔዚያንና ከመንደሮቹ በስተሰሜን ያለችውን ሌቫንቶን እያገናኘ አምስቱም መንደር ላይ የሚቆም ባቡር አለ። ከመንደር መንደር ያለው ጉዞ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ «ባሕሩን በመስኮት አያለሁ» ብላችሁ አትሟገቱ። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል።

ቋንቋው አያስፈራችሁ። ፌርማታ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፎርማጆ ... ሳታውቁት ግማሹን ታውቁታላችሁ። ማኪያቶ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ የእነሱ ማኪያቶ ጠብታ ወተት የነካው ጥቁር ቡና ነው። «ላቴ» ካላችሁ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወተት ይመጣላችኋል።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ግንቦት ወይም መስከረም። በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ ላይ አበባው፣ አየሩ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ ባሕሩ ግን ገና ይቀዘቅዛል። ሴፕቴምበር ላይ ውሃው የፈረንጆቹን በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ነው የምታገኙት፣ የወይን ለቀማውም ያኔ ነው። እኔን ካላችሁኝ መስከረም።

ኦገስትን ሽሹ። ሙቀቱ አለ፣ ዋጋው አለ፣ በዚያ ላይ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው። የማርያም ዕርገት በዓል ነው፤ እኛ ፍልሰታን የምንፈታው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው፣ እነሱ ግን በዚያን ቀን አገር ሙሉ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። የፈረንጆቹ ክረምት ላይ (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ጸጥታው ደስ ይላል፤ ሆኖም ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ጀልባም የለም። ጀልባዎቹ በአብዛኛው ከማርች መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መግቢያ ነው የሚሠሩት።

አምስቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ አታድርጉት እንጂ። ከፍሎረንስ ወይም ከሚላን በጠዋት መጥተው ማታ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። አየኋቸው። ከባቡር ይወርዳሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ አይስክሬም ይይዛሉ፣ ባቡር ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይጠብቃሉ፤ ማታ ላይ የትኛው ፎቶ የየትኛው መንደር እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሁለት መንደር ምረጡና በመካከላቸው ያለውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ። ሦስት ሌሊት ካላችሁ ደግሞ ጌታ ናችሁ። አካባቢው ልኩ የሚታየው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው፣ የቀን መንገደኛው በባቡር ሲሄድ። አሮጊቶቹ ወንበር አውጥተው በር ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጆች አደባባዩ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቀኑን ሙሉ የት ተደብቀው እንደዋሉ እንጃ።

ከአምስቱ የትኛው ይበልጣል?

ለእኔ ቬርናዛ። ትንሽ ወደብ፣ ውሃው ዳር የቆመ ቤተ ክርስቲያን፣ ከላይ የድሮ ግንብ። ግንቡ መንደሩን ከባሕር ወንበዴዎች ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዘመን ከሰሜን አፍሪካ የሚመጡ ዘራፊዎች ይህን ዳርቻ እየመቱ ሰው ማርከው ይሄዱ ነበር።

ማናሮላ ፎቶው ነው። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት ያ ባለ ቀለም ቤቶች ክምር እሱ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፊት ለፊት ካለው ኮረብታ እዩት። ሪዮማጆሬ ይመስለዋል፣ ትንሽ ጎርበጥ ያለና የሰው ኑሮ የበዛበት ነው። ሞንቴሮሶ ትልቁና ሜዳማው ነው፣ ባሕር ዳር ለጥ ብሎ መዋል ለሚፈልግ። እዚያ «ኢል ጂጋንቴ» (ግዙፉ) የሚሉት ከገደሉ ጋር የተያያዘ የኔፕቱን፣ የሮማውያን የባሕር አምላክ፣ ሐውልት አለ፤ 14 ሜትር ነው፣ በ1910 የተሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በማዕበል ክንዱን አጥቶ የቀረ።

ኮርኒሊያ ብቻዋን ናት። ከባሕር ወደ 100 ሜትር ከፍ ብላ ገደል ጫፍ ላይ ስለተቀመጠች ጀልባ አይደርስባትም። ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሩ ለመውጣት 380 የሚጠጋ ደረጃ አለ። ትንሽ አውቶቡስም አለ፤ ግን ስትደርሱ ሄዶ ታገኙታላችሁ፣ ሁልጊዜ። ሰው የማይበዛባት እሷ ስለሆነች እኔ ብርቱ ጉልበት ሲኖረኝ እዚያ ነው የምሄደው።

የት ልደር? ኪስ የማያራቁት አለ?

መንደሮቹ ውስጥ ክፍል ትንሽም ውድም ነው፣ ሻንጣችሁንም በደረጃ ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት። ቆጠብ ለማለት ላ ስፔዚያ እደሩ፤ ጨዋ የሥራ ከተማ ነው፣ የዓርብ ገበያው ደስ ይላል። እኔ የምመርጠው ሌቫንቶን ነው። ሰፊ ባሕር ዳርቻ አለው፣ ዋጋው ከመንደሮቹ ይሻላል፣ ሞንቴሮሶ በባቡር አምስት ደቂቃ ገደማ ነው።

አሸዋ አለው? ዋና የማልችልስ?

ይሄን ቀድማችሁ እወቁ፦ ይህ ዳርቻ የድንጋይ አገር ነው። እውነተኛ አሸዋ ያለው ሞንቴሮሶ ላይ ነው። ሪዮማጆሬ ላይ ያለው እንደ ድንች የሚያካክል ጠጠር ነው፤ ማናሮላ ላይ ዳርቻም የለ፣ ሰው ከድንጋይ ላይ ወደ ጥልቅ ውሃ ይዘላል። ዋና የማትችሉ ከሆነ ማናሮላን በዓይን ብቻ። ልጆቹ ሲዘሉ አይታችሁ እንዳትሸወዱ፣ እነሱ ውሃ ላይ ነው ያደጉት።

ሞንቴሮሶና ሌቫንቶ ላይ ጃንጥላና ወንበር የተደረደረበት የሚከፈልበት ክፍል አለ፤ ጠባቂ ዋናተኛ አለ፣ መታጠቢያ አለ። ከጎኑ ደግሞ «ስፒያጃ ሊቤራ» የሚሉት ነጻ ክፍል ይኖራል፣ ፎጣችሁን አንጥፋችሁ መቀመጥ ነው። ነጻው ቶሎ ይሞላል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ባሕሩ ረጋ ብሎ ቢታያችሁም አትግቡ።

የእግር መንገዱ ክፍያ አለው? ካርዱ ምንድን ነው?

ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው ዝነኛው መንገድ፣ ከሞንቴሮሶ ቬርናዛና ከቬርናዛ ኮርኒሊያ ያለው፣ በካርድ ነው። ካርዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለእግር መንገድ ብቻ፣ ሌላው ባቡሩንም በቀን ያለ ገደብ የሚያስጠቅም። ዋጋው እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ባቡር የምትሳፈሩ ከሆነ ባለ ባቡሩን ግዙ፤ በተናጠል መግዛት ኪስ ይጎዳል። ከላይ በኮረብታው የሚያልፉት ብዙዎቹ መንገዶች ግን ነጻ ናቸው፣ ደግሞም ያምራሉ።

መንገዱ ከባድ ነው?

እንጦጦን በእግሩ የሚወጣ ሰው በትንፋሽ አይቸገርም። የሚፈትነው ጉልበት ነው፣ በተለይ ቁልቁለቱ ላይ። ከሞንቴሮሶ ቬርናዛ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆንም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ መነሻው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ አለ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው አያሳልፍም። በጣም በሚጨናነቁ ቀናት ከሞንቴሮሶ ወደ ቬርናዛ ብቻ እንዲኬድ ስለሚያደርጉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቬርናዛ ኮርኒሊያ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ትንሽ ይቀላል።

ከኮርኒሊያ ማናሮላ በታች በኩል የነበረው መንገድ በመሬት መንሸራተት ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ያዝናል። ማዘን የለበትም፤ ምክንያቱም በምትኩ ከማናሮላ በላይ ባለችው ቮላስትራ በምትባል መንደር በኩል የሚያልፈው የላይኛው መንገድ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። አንድ ብልሃት ልንገራችሁ፦ ከማናሮላ ቮላስትራ ድረስ በአውቶቡስ ውጡና ከዚያ ወደ ኮርኒሊያ በእግር ሂዱ። ዳገቱን አውቶቡሱ ይወጣላችኋል፤ እናንተ ወይኑ መካከል እየሄዳችሁ ባሕሩን ከእግራችሁ ሥር ታያላችሁ።

ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት። ያስቀጣል፣ ከቅጣቱ በፊት ደግሞ ቁርጭምጭሚት ይቀጣል። ውሃ ያዙ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ተነሱ።

«የፍቅር መንገድ» የሚባለው ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም?

ቪያ ዴላሞሬ ነው ስሙ፤ ሪዮማጆሬንና ማናሮላን የሚያገናኝ፣ 900 ሜትር ገደማ፣ ገደሉ ላይ የተፈለፈለ ሜዳማ መንገድ። በሴፕቴምበር 2012 ድንጋይ ተንዶ መንገደኞች ተጎዱና ተዘጋ። 12 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ2024 የፈረንጆቹ በጋ፣ ገደሉን በመረብና በብረት አጥረው ከፈቱት። አሁን ለብቻው ቲኬትና የሰዓት ቀጠሮ አለው። ዝም ብሎ ሄዶ መግባት የለም፣ አስቀድሞ ኢንተርኔት ላይ መያዝ ነው።

ይገባዋል? ለ20 ደቂቃ መንገድ ትንሽ ውድ ነው። ደረጃ የማይሆንለት ሰው አብሯችሁ ካለ ግን አዎ።

እናቴን ይዤ መሄድ እችላለሁ? ጉልበቷን ያማታል።

ይቻላል፣ እቅዱን ለእሷ ካደረጋችሁት። ሞንቴሮሶ እደሩ ወይም ሌቫንቶ፤ ሁለቱም ሜዳማ ናቸው። መንደሮቹን በጀልባ አሳዩአት። እውነቱን ለመናገር ከባሕር ሲታዩ ነው ይበልጥ የሚያምሩት። ከጀልባ ሲወረድ ጠባብ መረማመጃ ስላለ ግን ሠራተኛው እጇን እንዲይዛት ንገሩት። ማናሮላና ሪዮማጆሬ ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሩ በእግረኛ ዋሻ ስለሚገባ ለመግቢያው ያህል ዳገት የለውም። ኮርኒሊያን ተዉላት። ደረጃው ሥር አቁማችሁ «ትንሽ ነው የቀረው» እያላችሁ አታሰቃዩአት።

የጾም ምግብ አገኛለሁ?

ከምታስቡት በላይ። ሊጉሪያ ድሃ አገር ነበር፣ ምግቡም የድሃ ምግብ ነው፤ ሽምብራ፣ የወይራ ዘይት፣ ቅጠላ ቅጠል። ፋሪናታ የሚባለውን ፈልጉ። የሽምብራ ዱቄት በውሃ፣ በዘይትና በጨው ተበጥብጦ ሰፊ የመዳብ መጥበሻ ላይ በእንጨት እሳት ምድጃ የሚጋገር ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ሽሮ ለለመደ አፍ እንግዳ አይሆንም፤ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት፣ በትኩሱ ብሉት። ፎካቻ ደግሞ ዘይት የጠጣ ጠፍጣፋ ዳቦ ነው፤ ባዶውን ጠይቁ፣ «ዲ ሬኮ» የሚሉት ግን በውስጡ ፎርማጆ አለበት።

ወጥመዱ ፔስቶ ነው። አረንጓዴ ስለሆነ ጾም ይመስላል። በሶብላ ከሚመስለው፣ የእሱ ዘመድ ከሆነው ቅጠል ይሠራል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥድ ፍሬ፣ የወይራ ዘይት ... እና ሁለት ዓይነት ፎርማጆ። «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ ፎርማጆ) ብትሉም ብዙ ቦታ ተቀምሞ የተቀመጠ ነው። ፓስታ በቲማቲም ሱጎ ያዙና በላዩ እንዳይነሰንሱበት ንገሯቸው። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ለሚበላው የሞንቴሮሶ አንቾቪ (ትንንሽ ዓሣ ነው) በሎሚ የሚረሳ አይደለም። የሚጠጣ ደግሞ በደረቀ ወይን ዘለላ የሚሠራውን ሻኬትራ የሚባል ጣፋጭ የወይን ጠጅ በትንሽ ብርጭቆ ይቅመስ። ውድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

መንገዶቹ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚዘጉት?

ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩት። ከላይ እስከ ታች እርከን ነው፣ እያንዳንዱን እርከን የያዘው ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ የኮንሶም እርከን በ2011 ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል። እነዚህ ሰዎች ገደሉን ለሺህ ዓመት ገደማ በእጃቸው እየካቡ ወይን ተከሉበት። ወይኑ ዛሬም በእጅ ነው የሚለቀመው፤ ቅርጫቱን ቁልቁል የሚያወርደው በአንዲት ሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ ባቡር ናት። ሻኬትራው ለምን እንደሚወደድ አሁን ገባችሁ።

ካብ ግን በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል። ልጆቹ ወደ ከተማ ሄዱ፣ የቀሩትም ክፍል ማከራየቱ ከማሳ ይሻላቸዋል፤ ማን ይፍረድባቸዋል? ማሳው ሲተው ካቡ ይፈርሳል፣ ካቡ ሲፈርስ ዝናብ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ኦክቶበር 25 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓት የወረደው ዶፍ ሞንቴሮሶንና ቬርናዛን ጭቃ ውስጥ ቀበረ፣ ሰውም ሞተ። ቬርናዛ ላይ የምድር ቤት ሱቆች ጣራቸው ድረስ ነበር የተሞሉት። ስለዚህ «ተዘግቷል» የሚል ሰንሰለት ስታዩ ዘላችሁ አትለፉ። የአካባቢው የዝናብ ማስጠንቀቂያ በቀለም ነው፤ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከተባለ መንገዶቹ ይዘጋሉ፣ የእናንተም የዚያን ቀን ሥራ ፋሪናታ መብላት ነው።

ቲኬት ገዝቼ ለምን ተቀጣሁ?

ስላላስመታችሁት። እኔም ደርሶብኛል። የወረቀት ቲኬት ገዝቼ፣ በኩራት ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ፤ ተቆጣጣሪው መጣና ገልብጦ አየው። ለካ መሳፈሪያው ላይ ካለች ትንሽ ማሽን ቀኑንና ሰዓቱን ማስመታት ነበረብኝ። «አላወቅኩም» ብል ፈገግ ብሎ ደረሰኙን ጻፈልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማሽኗ አጠገብ ቆሜ ነበር ባቡሩን የጠበቅኩት። ካርዱም የወረቀት ከሆነ ስማችሁን ጻፉበትና አስመቱት። በስልክ የምትገዙት ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት «ቼክ ኢን» አድርጉት።

ሰው የማይበዛበት ቦታ የለም?

አለ፣ ትንሽ ወጣ ካላችሁ። ከሌቫንቶ በቦናሶላ በኩል ፍራሙራ ድረስ የድሮው ባቡር መስመር የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሜዳ፣ አብዛኛው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ በሐሩር ቀን እንኳ ይቀዘቅዛል። ከዋሻ ወጣ ስትሉ ትንንሽ የድንጋይ ዳርቻዎች አሉ፣ ብስክሌቱን አስደግፋችሁ መጥለቅ ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ ፖርቶቬኔሬ አለ። ባቡር አይደርስበትም፣ ከላ ስፔዚያ በአውቶቡስ ወይም በጀልባ ነው። ቋጥኝ ጫፍ ላይ ማዕበል የሚረጨው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አለው።

በሰሜን በካሞሊ በኩል ያለው ሳን ፍሩቱኦሶ ግን ሌላ ነው። ባሕሩ ገባ ያለበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ገዳም ሲሆን መኪና መንገድ የለውም፤ በጀልባ ወይም በእግር ብቻ። ፊት ለፊቱ፣ 17 ሜትር ገደማ ውሃ ሥር፣ እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋ የክርስቶስ የነሐስ ሐውልት በ1954 ተቀምጧል። ጠላቂዎች ያዩታል፤ እኔ ጀልባዋ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳፈጥ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። በእግር ከፖርቶፊኖ በኩል ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከካሞሊ በባሕሩ ጠርዝ የሚሄደው መንገድ ሰንሰለት እየያዙ የሚያልፉበት ቦታ ስላለው ለጀማሪ አይደለም። ስትወርዱ የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ፎቶ አንሱት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሳ ያም ላይመጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ ዳገቱን በመብራት መውጣት ነው።